የጋዜጣው ጉዞና የግልገል አባይ አይጥ

ቺካጎ ከተማ ባለው የፊልድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ አቻ የሌላት አንዲት አይጥ አለች። የተያዘችው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው፤ ቦታው ጎጃም፣ ግልገል አባይ ከሚመነጭበት አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ። ከእሷ በፊትም ሆነ በኋላ የዚህ ዝርያ ሌላ ናሙና በሙዚየም አልተመዘገበም። ሳይንስ ስለ ዝርያው የሚያውቀው ሁሉ የተነበበው ከዚህች አንዲት ናሙና ነው።

አይጧን አሜሪካ ያደረሳት የሙዚየሙ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ጉዞው ሲወጣ የሙዚየሙንና የአንድ ታላቅ የአሜሪካ ጋዜጣን ስም ጎን ለጎን ይዞ ነበር፤ የፊልድ ሙዚየምና የቺካጎ ዴይሊ ኒውስ የአቢሲኒያ ጉዞ ተባለ። ከተጓዦቹም አንዱ የጋዜጣው ሰው ነበር። አንድ የከተማ ዕለታዊ ጋዜጣ ጎጃም ድረስ ሰው ልኮ አይጥ የሚያሰበስብበት ምክንያት ምን ነበር? ከዚያ ሁሉ ድካምስ ለእኛ ምን ተረፈን?

ጥያቄው እኔን በቅርብ ይነካኛል። ይህን የምጽፈው ከቀይ አፈር ነው። ሐሙስ የገበያችን ቀን ነው፤ የበናው፣ የፀማዩ፣ የአሪውና የሐመሩ ሰው ማሩን፣ ቅቤውን፣ እህሉንና ፍየሉን ይዞ ሲወጣ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳም አብሮ ይመጣል። ጎብኚ አለ፣ ጋዜጠኛም አለ። ሰውን ያነሣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። የተነሣችው ልጅ ምስሏ የት እንደታተመ፣ ከሥሩም ምን እንደተጻፈ ብዙ ጊዜ አታውቅም። የሩቅ አገር ጋዜጣ ከእኛ ዘንድ ምን ይዞ እንደሚሄድና የወሰደው ነገር ዕድሜው ስንት እንደሆነ ማወቅ ለእንደኛ ዓይነቱ አገር የህልውና ጉዳይ ነው። መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የመጣው ዘጋቢ

በታኅሣሥ 1867 ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ የተባለ ወጣት ወደ ኒውዮርክ ሄራልድ ቢሮ ገባ። እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስለቀቅ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ወደ ኢትዮጵያ እያሰለፉ ነበር። ስታንሊ ዘመቻውን ተከትሎ እንዲዘግብ ጠየቀ። አርታኢው ጄምስ ጎርደን ቤኔት ልጅየው የተስማማው በጠበቀ ውል ነው፤ የመንገዱን ወጪ ስታንሊ ራሱ ይሸፍናል፣ ጋዜጣው የሚከፍለው በሚልከው ደብዳቤ ልክ ነው፣ ሥራው ካማረ ደግሞ ቋሚ ዘጋቢ ይሆናል።

ስታንሊ በስዊዝ በኩል ሲያልፍ ከቴሌግራፍ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ተነጋገረ። ገንዘብ ሰጠውና የእሱ መልእክት ከሌሎች ሁሉ ቀድሞ እንዲተላለፍለት ተስማሙ። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ተሰበረች፤ አፄ ቴዎድሮስ እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። ዘጋቢዎች ሁሉ ወደ ባሕሩ ሲሮጡ የስታንሊ ወረቀት ቀድሞ ስዊዝ ደረሰ፣ ቀድሞም ተላለፈ። ወዲያው በእስክንድርያና በማልታ መካከል ያለው የባሕር ሥር ገመድ ተበጠሰና የሌሎቹ ዘገባ ተቋረጠ። ለንደን የራሷን ጦር ድል ከአሜሪካ ጋዜጣ ሰማች፤ ወሬው እስኪረጋገጥ ድረስም የእንግሊዝ ጋዜጦች ሐሰት ነው አሉት።

ይህ ፍጥነት በጋዜጠኝነት ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ለኢትዮጵያውያን ግን ከፍጥነቱ የሚበልጥ ነገር በስታንሊ ጽሑፍ ውስጥ ቀርቷል። ከመቅደላ የተዘረፈውን ዕቃ አይቶ ጽፎታል፤ ዘውዱን፣ ጽዋውን፣ መስቀሉን፣ ብራናውን፣ ወታደሩ ዕቃውን ያግበሰበሰበትን መንገድ፣ በኋላም በደላንታ ሜዳ የተደረገውን የሐራጅ ሽያጭ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገው ነበር። ዛሬ የመቅደላ ቅርስ ይመለስ የሚሉ ወገኖች ክሳቸውን ሲያቀርቡ ከሚጠቅሷቸው የዓይን ምስክሮች አንዱ ይኸው የሄራልድ ዘጋቢ ነው። በስዊዝ የገዛው የጊዜ ብልጫ ብዙም ሳይቆይ አለቀ፤ የዘረዘረው የዕቃ ዝርዝር ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ይመሰክራል።

የቺካጎው ሐሳብ

ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ በ1875 ተመሠረተ። በባለቤቱ በቪክቶር ሎውሰን ዘመን ከአሜሪካ ጋዜጦች ቀድመው በየአህጉሩ የራሳቸውን ዘጋቢ ካስቀመጡት አንዱ ሆነ። የከተማ ጋዜጣ ሆኖ ዓለምን በራሱ ሰዎች ዓይን ማየት ይፈልግ ነበር። ሎውሰን በ1925 ሲሞት አሳታሚነቱ ወደ ዋልተር ስትሮንግ ተላለፈ። በዚያን ጊዜ የዜና ክፍሉ ገጣሚው ካርል ሳንድበርግ ሳይቀር የሠራበት ቤት ነበር።

ጋዜጣው በ1926 ከፊልድ ሙዚየም ጋር ተሻርኮ ኢትዮጵያን መረጠ። ሐሳቡ ለሁለቱም የሚበጅ ነበር። ሙዚየሙ ናሙና ያገኛል፤ ጋዜጣው ለአንባቢው ሌላ ጋዜጣ የሌለው የጉዞ ታሪክ ይሰጣል። አምስት ሰዎች ተመረጡ። መሪው የሙዚየሙ የእንስሳት ክፍል ኃላፊ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ነበር፤ የአጥቢ እንስሳት ሊቅ ነው። ሉዊስ አጋሲ ፉየርቴስ በዘመኑ ከአሜሪካ የወፍ ሠዓሊዎች ሁሉ የላቀ ስም ነበረው፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲም ያስተምር ነበር። አልፍሬድ ቤይሊ የአዕዋፍ አጥኚ ነው። ሰይዳም ከቲንግ ባለጸጋ ተጓዥና አዳኝ ነበር። ጃክ ባም ደግሞ የጋዜጣው ሰው።

ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገቡ። ዙፋኑ የንግሥት ዘውዲቱ፣ የእለት አስተዳደሩ የአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነበር፤ አገር ቤት ለመጓዝ የእሳቸው ፈቃድና በየግዛቱ ያለው ገዥ እሺታ የግድ ነበር። በቅሎ ተገዛ፣ ጫኝና መንገድ መሪ ተቀጠረ፣ ድንኳን ተጫነ። መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ አርሲና ባሌ ደጋ ወጡ። እዚያ የደጋ አጋዘን አለ፤ ለሳይንስ ከተዋወቀ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ትልቅ እንስሳ። ከዚያም ወደ ሰሜን ተመልሰው የራስ ኃይሉ ግዛት ወደነበረው ጎጃም ተሻገሩ፤ ጣናን፣ ጎንደርንና ሰሜን ተራሮችን ዞረው በ1927 የበጋው ማብቂያ ላይ በሱዳን በኩል ወጡ።

የካምፑ ሥራ ጀብዱ አልነበረውም። ማታ ማታ በጅረት ዳር፣ በቁጥቋጦ ሥር ትናንሽ ወጥመዶች ይቀመጣሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ይለቀማሉ። ከዚያ እያንዳንዱ እንስሳ ይለካል፤ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጫፍ፣ የጭራው ርዝመት፣ የኋላ እግሩ፣ ጆሮው። ቆዳው ተገፎ ጥጥ ይሞላል፣ የራስ ቅሉ ይጸዳል፣ እግሩ ላይ ትንሽ ወረቀት ይታሰራል። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው አጭር ነው፤ የት፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ በስንተኛው ቀን፣ በማን እጅ። ፉየርቴስ በበኩሉ ጊዜ ይሽቀዳደም ነበር፤ ወፍ ሲሞት የዓይኑ፣ የምንቃሩና የእግሩ ቀለም ብዙ ሳይቆይ ስለሚለወጥ ሥዕሉ ትኩስ ሳለ መሠራት አለበት።

ግልገል አባይ የሚነሣው ሰከላ፣ ግሽ አባይ ላይ ነው። ምእመናን ከሩቅ ለጠበል የሚመጡበት፣ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም የሚጠራበት ምንጭ ነው። አውሮፓውያን ደግሞ የአባይን መነሻ አገኘን ለማለት ዘመናት ተመላልሰውበታል፤ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚያ ቆመዋል። ሁለቱም የፈለጉት ወንዙ የሚፈልቅበትን ነጥብ ነበርና በዚያው ውሃ ዳር በሌሊት የሚንቀሳቀሰውን ፍጥረት ማንም አልጻፈውም። የቺካጎው ቡድን በ1927 ሲያልፍ ግን ወጥመድ ነበረው። አይጧ ተያዘች፣ ተለካች፣ ወረቀቷ ታሰረላት። አንድ ብቻ ነች። ቡድኑም ጓዙን ጭኖ ቀጠለ።

በባቡሩ ሐዲድ ላይ

ጉዞው በሰላም አበቃ፤ የሥዕሉ ክምችት ግን ለጥቂት ከጥፋት ተረፈ። ነሐሴ 22 ቀን 1927 ፉየርቴስና ባለቤቱ የኢትዮጵያን ሥዕሎች ለወዳጃቸው ለአዕዋፍ አጥኚው ፍራንክ ቻፕማን አሳይተው በመኪና ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ኒውዮርክ ግዛት፣ ኡናዲላ አጠገብ፣ የባቡር መሻገሪያ ላይ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ዕይታቸውን ከልሎት ኖሮ የመጣውን ባቡር አላዩም። ፉየርቴስ ሞተ፤ ባለቤቱ ክፉኛ ተጎዳች። ሥዕሎቹ ከመኪናው ተወርውረው ሳይበላሹ ተገኙ። ሰይዳም ከቲንግ ገዝቶ ለሙዚየሙ አበረከታቸው፤ ከመካከላቸው የተመረጡ 32 ሥዕሎች በ1930 በአልበም ታተሙ። ኢትዮጵያን ሳይረግጥ የባሌንና የሰሜንን አዕዋፍ በትክክል ያየ የአሜሪካ ልጅ ቢኖር ያየው ከዚያ አልበም ነው።

አንድ ሰው ከስምንት ወር መንገድ በኋላ በቤቱ አጠገብ መሞቱ ያሳዝናል። ሥራው ግን ከሠሪው ጋር አልቀረም፤ ምክንያቱም ከመሞቱ በፊት በየዕለቱ፣ በየሥዕሉ፣ በቦታው ሆኖ ጨርሶት ነበር። ለማጠናቀቅ ወደ ቤት እስኪገባ ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬ የምናየው አይኖርም።

አንድ አይጥ፣ ዘጠና ሦስት ዓመት ክርክር

ኦስጉድ ቺካጎ ተመልሶ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ሲመረምር የግልገል አባይዋን አይጥ ከሚያውቃቸው ጋር ማዛመድ አቃተው። ውሃ የማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር፣ ረጅም የኋላ እግር፣ ለውሃ ኑሮ የተበጀ አካል። በ1928 ከማንኛውም የታወቀ አይጥ የተለየች ናት ብሎ አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆን አዲስ ወገን አድርጎ አወጃት። ኒሎፔጋሚስ ፕሉምቤውስ አላት፤ የአባይን ምንጭ በስሟ ውስጥ አስገባ።

ጥርጣሬው ከዚህ ጀመረ። አንድ ናሙና ብቻ ሲኖር ልዩነቱ የዝርያው ይሁን የዚያች አንዲት አይጥ ብቻ መለየት ከባድ ነው። በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ውስጥ ኮሎሚስ የሚባል፣ በጅረት ውስጥ እየተራመደ የሚያድን ሌላ የአይጥ ወገን ይታወቅ ነበር። በ1966 ሄይማን የተባለ የእንግሊዝ አጥኚ የጎጃሟን አይጥ ከኮሎሚስ ጋር ደባልቆ የተለየ ወገንነቷን ሻረ። በወረቀት ላይ የግልገል አባይ አይጥ ብቻዋን መቆሟ ቀረ።

ናሙናዋ ግን በመሳቢያዋ ውስጥ ነበረች። በ1995 ጁሊያን ከርቢስ ፒተርሃንስና ብሩስ ፓተርሰን የተባሉ አጥኚዎች እንደገና አወጧት። የራስ ቅሏን፣ እግሯንና ፀጉሯን ከሌሎች የአፍሪካ የውሃ አይጦች ጋር አነጻጸሩ። ኦስጉድ ልክ ነበር አሉ፤ ይህች ከኮሎሚስ የተለየች፣ ከሁሉም ይልቅ ለውሃ ኑሮ የተሠራች ናት። ክርክሩ አሁንም በቅርጽ ላይ የቆመ ክርክር ነበርና ሌላ አጥኚ መጥቶ ሊያፈርሰው ይችል ነበር።

የመጨረሻው ማስረጃ በ1927 ጨርሶ ከማይታወቅ ዕውቀት መጣ። ከሲዬና ኮሌጅ ቶማስ ጃርላ፣ ከፊልድ ሙዚየም ቴሪ ዴሞስ፣ ከርቢስ ፒተርሃንስና ባልደረቦቻቸው ከዚያች አሮጌ ናሙና ዲኤንኤ ማውጣት ቻሉ። በ2020 ውጤቱን አሳተሙ። የጎጃሟ አይጥ የኮሎሚስ የቅርብ ዘመድ ሆና ተገኘች፤ ነገር ግን በራሷ ቅርንጫፍ ላይ ነች። በዚያው ጥናት ሁለት አዳዲስ የኮሎሚስ ዝርያዎች ተሰየሙ፤ አንዱ በኮንጎው የነፃነት መሪ በፓትሪስ ሉሙምባ ስም፣ ሌላው በላይቤሪያው የዎሎጊዚ ተራራ ስም። የእነዚህ እንስሳት አኗኗር ያስደንቃል፤ በሌሊት ጥልቀት በሌለው ጅረት ውስጥ በረጃጅም እግሮቻቸው ቆመው፣ ጺማቸውን ከውሃው ጋር አገናኝተው፣ የትናንሽ የውሃ ነፍሳትን እንቅስቃሴ ዳስሰው ይይዛሉ።

እዚህ ላይ የ1927ቱ ቡድን ትልቁ ሥራ ይገለጣል። ኦስጉድ አንድ ቀን ከናሙናዋ ዲኤንኤ እንደሚነበብ አያውቅም ነበር፤ ማንም አያውቅም ነበር። ናሙናዋን ያዳናት ዕውቀቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። አካሏ በጥንቃቄ ተጠበቀ፣ ቦታዋና ቀኗ ተጻፈ፣ ማንም ሊመረምራት በሚችልበት ቦታ ተቀመጠች። ስለዚህ ሄይማን ሊሽራት፣ ፓተርሰን ሊመልሳት፣ ጃርላ ሊፈርድላት ቻለ። እያንዳንዱ ያንኑ ማስረጃ በራሱ ዘመን መሣሪያ አይቷል።

አብሮ የሚነገረው ግን መርዶ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያውን ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ ብሎ መዝግቦታል። የደጋው ጅረት ዳር ለእርሻና ለግጦሽ ውሏል፤ ንጹሕ ጅረትና የዳር ቁጥቋጦ የሚሻ ፍጥረት መጠጊያው ጠቧል። ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ተርፎም ሊሆን ይችላል።

ሌላው የቺካጎ ዘጋቢ

ዴይሊ ኒውስ ቡድኑን በላከ በዘጠነኛው ዓመት ሌላ የቺካጎ ጋዜጣ ሰው አዲስ አበባ ገባ። ዊል ባርበር የተፎካካሪው የቺካጎ ትሪቡን ዘጋቢ ነበር፤ የመጣው የኢጣሊያን ወረራ ሊዘግብ ነው። ወደ ቆላው ወርዶ ሁኔታውን በዓይኑ ለማየት ሞከረ፤ ወባ ያዘው። የሙሶሊኒ ጦር ጥቅምት 3 ቀን 1935 መረብን ተሻገረ፤ ባርበር ከሦስት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። በተከታዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ለሥራው ተሰጠ፤ ሽልማቱን ሊቀበል እሱ በሕይወት አልነበረም። በዚያው ጦርነት ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ታላቅ ጋዜጣ ጆኤል አውግስጦስ ሮጀርስን ልኮ ነበር፤ ወገኖቹ በአሜሪካ ለኢትዮጵያ ሲጸልዩና ገንዘብ ሲያዋጡ ከሥፍራው የሚጽፍላቸው እሱ ነበር።

እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። ጋዜጠኛ በሌለበት ወረራ በወራሪው አንደበት ብቻ ይነገራል። ባርበር ከአዲስ አበባ ባይጽፍ፣ ሮጀርስ ባይጽፍ፣ የቺካጎና የፒትስበርግ ሰው የሚሰማው ከሮም የሚመጣውን ብቻ ይሆን ነበር። ከስታንሊ እስከ ባርበር ያለው መሥመር ግን አንድ ነገር ያሳየኛል፤ የአሜሪካ ትልልቅ ጋዜጦች እኛን ያስታወሱን ብዙውን ጊዜ ሞት ሲመጣ ነው። በ1926 የቺካጎ ዴይሊ ኒውስ አርታኢዎች ከዚህ ወጥተው በሰላም ጊዜ፣ የአገሩን ሕያዋን ፍጥረታት ለመመዝገብ ሰው ላኩ። ጋዜጣው በመጋቢት 1978 ተዘጋ፤ ዛሬ በቺካጎ ጎዳና ላይ የሚሸጠው የለም። ገንዘቡን ያወጣበት ጉዞ ግን በ2020 አዲስ ዜና ወለደ፤ የጋዜጣው የመጨረሻ እትም ከወጣ ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ።

ከቀይ አፈር ሲታይ

እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ከእኛ ባሻገር፣ ኦሞን ተሻግሮ ባለው የኪቢሽ ምድር በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የሚመራ የኬንያ ቡድን የጥንት ሰው ቅሪቶች አገኘ፤ አንደኛውን ያገኘው ዝነኛው ኬንያዊ ቅሪት ፈላጊ ካሞያ ኪሜው ነው። በጊዜው ዕድሜው 130 ሺህ ዓመት ገደማ ነው ተባለ፤ ብዙዎች ተጠራጠሩት። ሌሎች አጥኚዎች ከሦስት ዐሥርት ዓመት በኋላ ወደዚያው ቦታ ተመልሰው ተጨማሪ ቁርጥራጮች ለቀሙ፤ ያገኙት የጭን አጥንት ስባሪ በ1967 ከተገኘው ጋር ገጠመ። ቦታው እሱው መሆኑ በዚህ ጸና። በ2005 ዕድሜው 195 ሺህ ዓመት ገደማ መሆኑ ታተመ። በ2022 ደግሞ ከቅሪቱ በላይ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ሻላ ሐይቅ ካለበት ተራራ የፈነዳ መሆኑ ታውቆ ዕድሜው ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ሆነ። ዓለም ይህን በየጋዜጣው አነበበ። የግልገል አባይዋ አይጥም የኪቢሹ አጥንትም የሚያስተምሩት አንድ ነው፤ ቦታው በትክክል የተጻፈ ነገር ለተተኪው ትውልድ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

የሐሙሱ ገበያችን ፎቶዎች ከዚህ ፈተና ስንቱ ያልፋሉ? የምስሉ ባለቤት ስም የለም። መንደሩ አልተጻፈም። ጌጡን ለምን እንዳደረገችው፣ ጠባሳው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደነገረው የለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጇ ቢፈልጋት አያገኛትም። የ1926ቱም ጉዞ ከዚህ ጉድለት ነፃ አልነበረም። ስሙ ሲነሣ የሚጠሩት አምስቱ አሜሪካውያን ናቸው፤ በቅሎውን የጫነው፣ መንገዱን የመራው፣ ጅረቱን ያሳየው ሰው በዚያ ዝርዝር የለም። የጎጃም እረኛ ሳያውቀው የተገኘ የጎጃም ፍጥረት ይኖራል ብዬ አላምንም። ዕውቀቱ ነበረ፤ ሳይጻፍ ቀረ።

ስለዚህ ጥሪዬ ለራሳችን ጋዜጦች ነው። ከቺካጎ ዴይሊ ኒውስ የምንወስደው ትልቁ ነገር አርታኢ ሰበር ዜና ሳይጠብቅ ጉዞ ማዘዝ እንደሚችል ነው። አንድ የአማርኛ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተነጋግሮ የግልገል አባይን አይጥ ፍለጋ ቢያወጣ ወጪው የአንድ ሰሞን የሆቴል ስብሰባ ያህል አይሆንም። ጠበሉን ሳይነኩ፣ ከምንጩ በታች ቁጥቋጦ የቀረባቸውን ትናንሽ ጅረቶች መምረጥ ይቻላል። መጀመሪያ የሚጠየቁት የሰከላ እረኞችና አዛውንቶች ናቸው፤ በሌሊት ውሃ ውስጥ የሚሄድ አይጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ ብሎ። ቀጥሎ ሳይገድል የሚይዝ ወጥመድ ይቀመጣል፤ ከተገኘች ፎቶ ትነሣለች፣ ጥቂት ፀጉር ለዲኤንኤ ይወሰዳል፣ ወደ ጅረቷ ትመለሳለች። ካልተገኘችም የት የት እንደተፈለገች በስም፣ በቀንና በከፍታ ተጽፎ ይቀመጣል፤ አለመገኘቷ ራሱ መረጃ ነው። ጅረቱን ያሳየው ሰው ስም ከአጥኚውና ከጋዜጠኛው ስም ጋር እኩል ይጻፋል፤ ዜናውም ከቺካጎ በፊት በአማርኛ ይነበባል።

የጂንካ ዩኒቨርሲቲና በጂንካ ኮረብታ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምም በእኛ በኩል ይህንኑ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ የማጎን፣ የወይጦን፣ የኦሞን ዳርቻ እያንዳንዱን ፍጥረትና እያንዳንዱን ነጋሪ በስሙ መዝግቦ። ለጎጃሟ አይጥ ግን ጊዜው ጠባብ ነው። ቦታዋ ይታወቃል፤ የምትፈለግበት መንገድም ይታወቃል፤ የጎደለው ትዕዛዙን የሚጽፍ የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር አርታኢ ነው።